«ተነሳ» የግድ ወደ ላይ ማለት አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት አንባቢ በመሥሪያ ቤታቸው ዜናና መግለጫ ይጽፋሉ። «በድርጅቱ ላይ የተጣለው እገዳ ተነሳ» ብለው ጻፉ። አለቃቸው «ጦርነት ተነሳ ስንል ጀመረ ማለታችን ነው፤ አንባቢው እገዳው ገና የጀመረ ይመስለዋል» ብለው በ«ተሻረ» ለወጡት። ሌላ ቀን «የተመዝጋቢዎች ቁጥር ተነሳ» ብለው ሲጽፉ ደግሞ አለቃቸው «ከፍ አለ» በሚለው አስተካከሉት። ጠያቂዋ ግራ ገብቷቸዋል። «ተነሳ፣ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ ጨመረ በምን ይለያሉ? አነሳና አስነሳስ? ከስህተት ለመዳን ሁሉንም ከፍ አለ እና ከፍ አደረገ ባደርጋቸው ምን ችግር አለው?» ይላሉ።

እገዳው ላይ እርስዎ ልክ ነዎት። ቁጥሩ ላይ አለቃዎ ልክ ናቸው። ሁሉንም በ«ከፍ አለ» የመተካቱን ሐሳብ ግን ይተዉት። ከስህተት አያድንም፤ እንዲያውም አዲስ ስህተት ይወልዳል።

የግራ መጋባቱ ሥር አንድ ነው። «ተነሳ» ሲባል ብዙ ሰው ወደ ላይ መሄድ ይታየዋል። ሰው ከወንበር ሲነሳ ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው። ቃሉ የሚነግረን ግን ነገሩ የነበረበትን ቦታ ወይም ሁኔታ መልቀቁን ነው። ከለቀቀ በኋላ ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች፣ ያ የሌላ ቃል ሥራ ነው። ከጎንደር ተነስቶ ቁልቁል መተማ የወረደ መንገደኛም ተነስቷል። «መነሻ» የሚለውን ስም ይዩት። ጥንዱ «መድረሻ» ነው። የጨረታ መነሻ ዋጋ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ያለው ዋጋ ነው። «የልማት ተነሺ» የሚባለው ሰውም ከይዞታው እንዲለቅ የተደረገ እንጂ ከፍ ያለ ቦታ የወጣ አይደለም። «በዝናቡ የተነሳ ጉዞው ቆመ» ስንልም የነገሩ መነሻ ዝናቡ ነው ማለታችን ነው።

ግዕዙም ይህንኑ ያሳያል። «ነሥአ» ወሰደ ነው። «አንሥአ» አነሳ፣ «ተንሥአ» ደግሞ ተነሳ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል የሰማ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። ከሥሩ ያለው መውሰድ መሆኑን ልብ ካሉ፣ እገዳም ሹምም ፎቶም በአንድ ግስ መነሳታቸው ብዙ አይገርምዎትም።

ወደ እገዳው እንመለስ። አለቃዎ ያነሱት የ«ጦርነት ተነሳ» ምሳሌ እውነት ነው፤ ለእገዳ ግን አይሠራም። የሚለያቸው ከመነሳታቸው በፊት የነበሩበት ሁኔታ ነው። ጦርነት፣ ጠብ፣ እሳት፣ አውሎ ነፋስ፣ አቧራ ከመነሳታቸው በፊት አልነበሩም፣ ወይም ረግበው ነበር። ስለዚህ ሲነሱ ይጀምራሉ። እገዳና ማዕቀብ ግን በአንድ አካል ላይ ተጥለው ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታውጆ ሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ ሲነሱ ያበቃሉ። አንባቢ ይህንን ሳያስበው ይለያል፤ እገዳ «ይጣላል» ሲባል እየሰማ ነው የኖረው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ደግሞ «የተጣለው» የሚለውን ቃል ይዟል። አሻሚ የሚሆነው ይህን ቃል ቦታ ለመቆጠብ ከአርዕስት ላይ ሲያወጡት ነው። «በድርጅቱ ላይ እገዳ ተነሳ» የሚል አርዕስት በእርግጥም ግራ ያጋባል። እዚህ ላይ ቢሆን የአለቃዎ ስጋት ልክ ነበር።

«ተሻረ» ምትክ ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። ውሳኔ የሚሻረው ሥልጣን ያለው አካል ውሳኔው ራሱ እንዲፈርስ ሲያደርግ ነው። እገዳ ግን ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ጊዜው ስላበቃ ወይም ድርጅቱ የተጠየቀውን ስላሟላ ሊነሳ ይችላል። «ተሻረ» ብለው ከጻፉ፣ እገዳውን የጣለው አካል ተሳስቶ ነበር የሚል ወሬ ሳያስቡት ጨመሩበት ማለት ነው። በመግለጫ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይበልጥ ይጠንቀቁባቸው የምላቸው ክስ፣ ጥያቄ፣ ተቃውሞና አጀንዳ ናቸው። እነዚህ በሁለቱም በኩል ይሄዳሉ። በሕግ ቋንቋ «ክስ ማንሳት» ክሱን መተው ነው፤ «ክሱ ተነሳለት» ካሉ ሰውየው ተገላገለ። በወሬ ላይ ግን «ክስ ተነሳበት» የሚል ይሰማል፤ ሰሚው ተከሰሰ ብሎ ይረዳዋል። ልዩነቱን የተሸከሙት «ለት» እና «በት» ብቻ ናቸው። በአንድ ፊደል ላይ የሰው ስም አይንጠልጠል። ሲከሰስ «ክስ ተመሠረተበት» ይበሉ፤ ሲቀር ደግሞ «ክሱ እንዲነሳ ተደረገ» ወይም «ክሱ ተቋረጠ» ይበሉ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግን ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ አይተው።

ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ፦ «ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ የቀረበው ጥያቄ ተነሳ።» በስብሰባው ላይ ተወራበት ነው? ወይስ ከአጀንዳ ወጣ? ሁለቱም ንባብ ይሆናል። የሚለየው «ከ» ነው። «ከአጀንዳው ተነሳ» ካሉ ቀርቷል። «በስብሰባው ተነሳ» ካሉ ተወርቶበታል። «ተቃውሞውን አነሳ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ተቃወመ ወይስ ተቃውሞውን ተወ? ሰው ሐሳቡን ሲተው «ተወ» ወይም «ሰረዘ» የሚባል ግልጽ ቃል እያለ «አነሳ»ን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ሹመት ላይ ያለውን ጉዳይ በቶሎ ልለፈው። «ሥልጣን ለቀቀ» ካሉ በገዛ ፈቃዱ ነው። «ከሥልጣን ተነሳ» ካሉ ሌላ አካል አንስቶታል። «ከሥልጣን ወረደ» የሚለው ሁለቱንም ይችላል። እንዴት እንደሄደ ገና ካልተረጋገጠ «ወረደ» ይሻላል፤ ከተረጋገጠ ግን ከጀርባው አይደበቁ።

አሁን «ወጣ»። ይህ ግስ ሁለት መንገድ አለው፤ ወደ ላይ እና ወደ ውጭ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተቃራኒውን መጠየቅ ይበቃል። ተራራ ወጣ፣ ደረጃ ወጣ፣ ዛፍ ላይ ወጣ፤ የእነዚህ ተቃራኒ «ወረደ» ነው። ከቤት ወጣ፣ ከስብሰባ ወጣ፤ ተቃራኒያቸው «ገባ» ነው። ፀሐይስ? ምሥራቅን የፀሐይ መውጫ፣ ምዕራብን የፀሐይ መግቢያ እንላለን። እንግዲያው በአማርኛ ፀሐይ ከቤቷ ወጥታ ማታ ትገባለች እንጂ መሰላል አትወጣም። «ፀሐይ ከፍ አለች» ማለትም ይቻላል፤ ያ ግን ከወጣች በኋላ ረፋድ ላይ ያለውን ነው። «ፀሐይ ተነሳች» የሚለውን በትርጉም ጽሑፎች ላይ አልፎ አልፎ አያለሁ። የባዕድ ቋንቋ ጥላ ነው፤ ይሰርዙት።

«ከፍ አለ» በበኩሉ ንጽጽር ነው። አንድ ነገር ቀድሞ ከነበረበት ወይም ከሌላው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ የሚስማማው ደረጃ ላለው ነገር ነው፦ ለድምፅ፣ ለሙቀት፣ ለቁጥር፣ ለክፍያ፣ ለግድግዳ። ደረጃ የሌለውን ነገር ከፍ ካደረጉት ይበላሻል። «እገዳው ከፍ አለ» ብለው ቢጽፉ አንባቢው ቅጣቱ የጠነከረ ይመስለዋል፤ ሊሉ ያሰቡትን በቀጥታ ይቃረናል። «ስልኩን አነሳ» ማለት ለተደወለው መልስ ሰጠ ነው። «ስልኩን ከፍ አደረገው» ማለት ወይ ድምፁን ጨመረ፣ ወይ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ከእንቅልፉ ከፍ አለ» የሚል ሰው ደግሞ የለም፣ የሚበር ካልሆነ በቀር። ሁሉን በአንድ ቃል የማለፉ መንገድ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን «ከፍተኛ»ን ላንሳ። ብዙ ጸሐፊ «ከሁሉም በላይ» አድርጎ ይጠቀምበታል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ከከፍተኛ ፍርድ ቤት በላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። «ከፍተኛ ነጥብ አመጣች» ሲባል አንደኛ ወጣች ወይስ ጥሩ ነጥብ ነው ያላት? አንደኛ ከሆነች «ከሁሉም የበለጠ ነጥብ» ብለው ይገላገሉ።

ቁጥር ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠነክራል፤ ስህተቱም የሚበዛው እዚህ ነው። «የተመዝጋቢዎች ቁጥር ተነሳ» ያልሆነበት ምክንያት አማርኛው ሌላ ትርጉም ስለሚሰጠው ነው። ቁጥሩ በወሬ መሐል ተጠቀሰ ማለት ነው፣ ልክ «ስምህ ተነሳ» እንደሚባለው። «ዋጋ ተነሳ»ም እንደዚሁ፣ ስለ ዋጋ ተወራ ነው። ከ«ከ» ጋር ሲሆን ግን ቁጥርም ይነሳል፦ «ከ500 ተነስቶ 2 ሺህ ደረሰ።» እዚህ ጋ 500 መነሻ ነው። ቃሉ ከላይ ካልኩት አልራቀም።

ለቁጥር ገለልተኞቹ «ጨመረ» እና «ከፍ አለ» ናቸው። ሌሎቹ ስሜት አላቸው። «ናረ» እሮሮ አለበት፤ ለዋጋና ለኑሮ እንጂ ለተመራቂዎች ቁጥር አይሆንም። «አሻቀበ» ከሽቅብ የመጣ ነው፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ መሆኑን ይነግራል። በዓመት 1 በመቶ የጨመረ ነገር አላሻቀበም። «አደገ» የሚፈለግ ነገር ነው። «የአደጋው ተጎጂዎች ቁጥር አደገ» ብሎ የጻፈ ሰው ክፉ አላሰበም፣ አንባቢን ግን ይጎረብጠዋል። «ጨመረ» ወይም «ይህን ያህል ደረሰ» ይበሉ። «ጣሪያ ነካ» እና «ተሰቀለ» ለወሬ ጥሩ ናቸው፤ በመሥሪያ ቤት መግለጫ ላይ አይግቡ።

«ጨመረ» ራሱ አንድ ጠባይ አለው። አድራጊ ያለውም የሌለውም ሆኖ ይሄዳል። «ድርጅቱ ክፍያ ጨመረ» ይባላል፤ «ክፍያ ጨመረ»ም ይባላል። በሁለተኛው ላይ ክፍያው በራሱ ጊዜ ያበጠ ይመስላል። የጨመረው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ከሆነ ስሙን ያስገቡ። «የታሪፍ ማስተካከያ ተደረገ» ከሚለው ደግሞ ይራቁ። ወደ ታች የተስተካከለ ታሪፍ እስካሁን አልገጠመኝም፤ አንባቢም ይህን ያውቃል። በተጨማሪም «ድርጅቱ ክፍያ ጨመረ» ለሠራተኛው ይሁን በደንበኛው ላይ አይታወቅም። «የሠራተኞቹን ደመወዝ» ወይም «ደንበኞች የሚከፍሉትን» ብሎ መለየት ነው።

ከግሱ ይልቅ ግን የሚያሳስቱት ትንንሾቹ ናቸው፣ «በ» እና «ወደ»። «የተመዝጋቢዎች ቁጥር ወደ 10 ሺህ ጨመረ» የሚለውን ይመልከቱ። «ወደ» መድረሻን ያሳያል፣ ግምትንም ያሳያል። ቁጥሩ ቀድሞ 8 ሺህ ከነበረ፣ አንዱ አንባቢ አሁን 10 ሺህ ሆነ ብሎ ይረዳል፤ ሌላው 10 ሺህ ገደማ ተጨምሮበት 18 ሺህ ሆነ ብሎ ይረዳል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ የተሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ነው። «ከ8 ሺህ ወደ 10 ሺህ ከፍ አለ» ወይም «በ2 ሺህ ጨመረ» ብለው ይጻፉ። መነሻውን ከጠቀሱ አሻሚነቱ ይጠፋል።

በመቶኛም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የአንድ ነገር ድርሻ ከ20 በመቶ ወደ 30 በመቶ ከሄደ «በ10 በመቶ ጨመረ» ማለት ስህተት ነው። የ20 አሥር በመቶ 2 ነውና ድርሻው 22 ላይ በቆመ ነበር። የጨመረው በ10 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በ50 በመቶ። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ የሚሰጡት ስሜት ግን ሰማይና ምድር ነው። ስለዚህ «ከ20 ወደ 30 በመቶ» የሚለው ይበልጣል። «በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚለውንም ይተዉት። 100 የነበረው 300 ሆነ ወይስ 300 ተጨምሮበት 400? «ሦስት እጥፍ ሆነ» ካሉ 300 ነው፤ አያከራክርም።

«አነሳ» እና «አስነሳ» ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ጠቃሚ ነው። «አነሳ» ሲባል አድራጊው ነገሩን ራሱ ይዞታል። «አስነሳ» ሲባል ነገሩ እንዲነሳ ምክንያት ሆኗል። ልጁን አነሳችው ካልን አቀፈችው። ልጁን አስነሳችው ካልን ቀሰቀሰችው፣ ወይም ከተቀመጠበት እንዲቆም አደረገችው። መኪና ይነሳል፣ ሾፌሩም ያስነሳዋል፤ «መኪናውን አነሳው» ካልን ግን ከቆመበት ቦታ ወሰደው። ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ምሳሌ ይህ ነው፦ ሰው ጥያቄ ያነሳል፣ ሪፖርት ግን ጥያቄ ያስነሳል። «ሪፖርቱ ብዙ ጥያቄ አነሳ» ከተባለ፣ ሪፖርቱ ውስጥ ጥያቄ ተጽፏል ማለት ነው። «አስነሳ» ከተባለ አንብበው ሌሎች ጠየቁ። «አነሳሳ» ደግሞ የሰውን መንፈስ ነው፤ ለደግም ለክፉም ይሆናል። «ወጣቶችን አነሳሳ» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ለምን እንዳነሳሳቸው ይጻፉ። «ለሥራ» እና «ለጠብ» የተለያዩ ዜናዎች ናቸው።

ሦስት የፊደል ጥንቃቄዎች። የመጀመሪያው «ይነሳል» ነው። «ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳል» እና «ልጁ ከእንቅልፉ ይነሳል» በፊደል አንድ ናቸው። በመጀመሪያው «ነ» ይላላል፣ ከ«ነሳ» ነው፣ መከልከል። በሁለተኛው ይጠብቃል። ጽሑፋችን ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ የመጀመሪያውን ሲጽፉ ማንን እንደነሳ ይጨምሩ፦ «እንቅልፍ ይነሳናል»። ሁለተኛው «አነሰ» እና «አነሳ» ናቸው። «ያነሰው ቁጥር» እና «ያነሳው ቁጥር» በጣት ስህተት ይቀያየራሉ፤ የፊደል ማረሚያ ሶፍትዌር ደግሞ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ አይዝልዎትም። ሦስተኛው «እጅ» ነው። እጅ ነሳ ካሉ ሰላምታ አቀረበ። እጁን አነሳ ካሉ ድምፅ ሰጠ ወይም መናገር ፈለገ። እጁን አነሳበት ካሉ መታው ወይም ሊመታው ቃጣ። ከጉዳዩ እጁን አነሳ ካሉ ደግሞ ተወው። የስብሰባ ዘገባ ሲያርሙ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

«ተነሣ» ወይስ «ተነሳ» የሚለው ብዙ አያሳስብዎ። ግዕዙ በንጉሡ «ሠ» ነው። የዛሬ ጽሑፍ አብዛኛው በ«ሳ» ይጽፋል። መሥሪያ ቤትዎ አንዱን ይምረጥና በዚያው ይጽና። «ትንሣኤ»ን ግን እንደነበረ ይተዉት።

ከእነዚህ ግሶች አንዱንም የማይፈልጉ ነገሮችም አሉ። ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ወተት ይገነፍላል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ቀና የሚለው ደግሞ አንገት ነው። የራሱ ቃል ያለውን ነገር «ከፍ አለ» እያሉ አይበድሉት።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደጻፉት ይመልሱት፤ ቀኑንና ያነሳውን አካል ብቻ ይጨምሩበት። «በድርጅቱ ላይ ተጥሎ የነበረው እገዳ ከዛሬ ጀምሮ ተነሳ» ካሉ አለቃዎም የሚከራከሩበት ቦታ አያገኙም። ለአርዕስቱ «የድርጅቱ እገዳ ተነሳ» ይበቃል። የቁጥሩን ዜና ግን አለቃዎ ባረሙት መልኩ ተቀብለው መነሻውንና መድረሻውን ያስገቡበት፤ «ከፍ አለ» ብቻውን ስንት እንደሆነ አይናገርም።